ስንት ናችሁ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ስምንት ፊርማ አለበት። ሦስቱ ፈራሚዎች በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ናቸው፤ አምስቱ ደግሞ ተማሪዎች ናቸው። ከስምንቱ የአንደኛው የእጅ ጽሕፈት ብቻ የሚነበብ ስለ ሆነ ደብዳቤውን የጻፈው ማን እንደ ሆነ ለመገመት አልተቸገርኩም። እነዚህ ልጆች አሁን በየዘመዱ ቤትና በየሰርቪስ ክፍሉ ተበታትነው ይኖራሉ። አንድ ሰፊ ቤት በአንድነት ቢከራዩ ኑሮው እንደሚቀልላቸው አስበው ከተስማሙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ቤቱ ግን አልተገኘም። የደብዳቤው ዋና ቃል ይህ ነው፤

«ቤት አለ ተብለን እንሄዳለን። ባለቤቱ በሩን ገርበብ አድርገው ይወጡና ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ ‹ስንት ናችሁ?› ይሉናል። ስምንት ነን ስንላቸው ‹ቤቱ ተይዟል› ይላሉ። እስከ ዛሬ አሥራ ሰባት ቤት እንዲህ ሆኖ ተይዞብናል። አሁን ከመካከላችን አንዳንዶቹ ‹ሦስት ነን ብለን እንግባና ሌሎቻችን ቀስ በቀስ እንከተል› የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የቀረነው ደግሞ የዚህ ነገር መጨረሻ አላማረንም። እርስዎ ምን ይመክሩናል?»

ምክሬን ከመስጠቴ በፊት አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ይህን «ሦስት ነን» የሚባለውን ዘዴ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜን መቀበል የጀመርኩበት ዓመት ነው። ሰባት ባልንጀሮች ሆነን ቀበና አካባቢ አንድ አሮጌ ቪላ አገኘን። ባለቤቲቱ በዚያው ግቢ በስተኋላ በሚገኘው ሰርቪስ ቤት የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ እማማ እንላቸው ነበር። ስንት ናችሁ ብለው ሲጠይቁን ከሁላችን አንደበቱ የሚቀናው ባልንጀራችን ፈጠን ብሎ፥ «ሦስት ነን እማማ፤ ያውም አንዱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሚመላለስ ሁለት በሉን» አላቸው። እሳቸውም አመኑት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀሩት አራቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ተደብቀው ይገቡና ሌሊቱ ሳይነጋ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይወጡ ጀመር። ኪራይ የሚከፍል ሰው ከገዛ ቤቱ እንደ ሌባ በካልሲው ሲወጣ ማየት ያስቃል። እኛም ሳቅን፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሳቅን። በሦስተኛው እሑድ እማማ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆመው በጣታቸው ሲቈጥሩ ቆዩና፥ «ልጆቼ፤ ሦስት ሰው በሳምንት ሃያ ሁለት ጥንድ ካልሲ ያጥባልን?» ሲሉ ጠየቁን።

አላባረሩንም። በኪራዩ ላይ ሩቡን ጨመሩበት። በዛ ብለን ለመከራከርም አልቻልንም፤ ዋሽቶ የገባ ተከራይ በምን አፉ ይከራከራል? ጭማሪው ለሰባት ሲካፈል እጅግ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ እማማ በማናችንም ቃል አለማመናቸው ነበር። ቧንቧው ፈሰሰ ስንላቸው መጥተው ካላዩ አያምኑም። ደመወዝ ዘገየብን ስንላቸው ደግሞ መሥሪያ ቤታችን ድረስ ሄደው ያጣሩ ነበር። በውሉ ላይ የሰፈረው ስም የእኔ ብቻ ስለ ነበረ የሚጠሩትም እኔን ብቻ ነው። ይህ የውል ነገር ያመጣብኝን ጣጣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ለደብዳቤው ጸሐፊዎች የምላቸው፥ ስምንት ከሆናችሁ ስምንት ነን በሉ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ከመናገራችሁ በፊት የቤቱ ባለቤት ስምንት ሲባሉ ምን እንደሚታያቸው ዕወቁ። የሚያስፈራቸው ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩን ተከትሎ የሚመጣው ነገር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስምንት ሰው ሮቶውን በአንድ ቀን ባዶ ያደርገዋል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ቶሎ ቶሎ ይሞላል፤ መኪና ጠርቶ ማስመጠጥም ገንዘብ ይጠይቃል። የመብራቱ ቆጣሪ የጋራ ከሆነ ሂሳቡ በመጣ ቁጥር ጠብ ይነሣል። ስምንት ሰው ስምንት እንግዳ ያመጣል፤ የውጭው በር ሌሊቱን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ያድራል። ከሁሉም በላይ ኪራዩ ሲዘገይ ማንን ነው የምይዘው የሚል ጥያቄ አለ። ወንደላጤ አላከራይም የሚሉት ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ የተቃጠሉ ናቸው።

ስለዚህ ቤት ለማየት ስትሄዱ ስምንታችሁም አትሂዱ። ስምንት ጐረምሳ በአንድ ጊዜ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ማን ይከፍታል? ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንደኛው ደመወዝተኛ፥ ሁለተኛው ተማሪ ይሁን፤ ሁለቱም ብዙ የማይናገሩ ቢሆኑ ይመረጣል። የስምንቱንም ስም፥ የሥራና የትምህርት ቦታ፥ የስልክ ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። የሦስቱን ሠራተኞች የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጨምሩበት። ባለቤቱ ስለ ውኃው ሳያነሡ እናንተ አንሡት፤ ተጨማሪ በርሜል እናስገባለን፥ ጕድጓዱ ሲሞላ ወጪው የእኛ ነው፥ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንግዳ አናስገባም በሉ። ይህን ሁሉ ሰምተው እምቢ የሚሉ ይኖራሉ። ከአሥር ቤት ሁለቱ ግን ቁጭ በሉ ይሏችኋል፤ ለእናንተም የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቤት ብቻ ነው።

የሴት ተማሪዎች ነገር ትንሽ ለየት ይላል። ከእነርሱ የሚመጡት ደብዳቤዎች እንደሚሉት በሩ ቶሎ ይከፈትላቸዋል፤ ከገቡ በኋላ ግን የቤቱ ባለቤት እንደ ሞግዚት ሆነው መግቢያና መውጫቸውን መቈጣጠር ይጀምራሉ። ይህም ከመፈረም በፊት በግልጽ ሊነገርና ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ዓይነት እንምጣ። ለስምንት ሰው የሚበቃ ቤት በአዲስ አበባ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ሦስት መኝታ ክፍል ያለው ኮንዶሚኒየም ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዕጣ የተላለፉት እነዚህ ሕንጻዎች አብዛኞቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ስለሚያደክም ልጆችና አዛውንት ያሉበት ቤተሰብ ላይኛውን ፎቅ አይወደውም። የእናንተ ዕድል ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ጕልበት ያለው ተከራይ በጕልበቱ ኪራይ ያስቀንሳል። ሁለተኛው ደግሞ ከ1966 ዓ.ም. በፊት የተሠራው አሮጌ ቪላ ነው። ጣሪያው ረዥም፥ ሳሎኑ ሰፊ፥ ከኋላውም ሁለትና ሦስት ሰርቪስ ክፍል አለው። በቀበና፥ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፥ በጉለሌና በኮልፌ በኩል ዛሬም ብቅ ይላል። ቧንቧው ያረጀ፥ ወለሉ የሚንቋቋ ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ሰው አብሮ መኖር እንደዚህ ያለ የሚመች ቤት የለም።

ስለ አሮጌ ቤቶች ካነሣን አይቀር፥ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠጋግቶ መኖር ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የሰፈር ከተማ ነበረች፤ ሠራተኛ ሰፈር፥ ዘበኛ ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ሰው ከባልንጀራውና ከአለቃው ጋር ሰፍሮ የነበረበትን ዘመን ይዘው ቀርተዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ ነገሩን በሌላ መልክ አመጣው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ትርፉ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ኪራዩም ተቀነሰ። የቀነሰው ኪራይ ለገባበት ሰው ትልቅ ዕረፍት ሆነለት፤ ገና ወደ ከተማ ለሚመጣው ወጣት ግን የሚከራየው ቤት ጠፋ። እንግዲህ ምን ያድርግ? ቤት ያለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ዘንድ ተጠግቶ ደባል ሆነ። ደባል የሚለው ቃል በየቀበሌው መዝገብና በየጎረቤቱ አፍ የተለመደው በዚያ ጊዜ ነው። ደባል ስሙ በኪራይ ደብተሩ ላይ የለም፤ ስለዚህ ቤቱን የያዘው ሰው ሲቈጣ ሻንጣው ደጅ ይወጣል። «ሦስት ነን ብለን እንግባ» የሚሉት ልጆች አምስቱን ባልንጀሮቻቸውን በገዛ እጃቸው ደባል ሊያደርጓቸው መሆኑን ያሰቡበት አልመሰለኝም።

የቤቱ ሩቅነት ሌላው ነገር ነው። ወጣቶች ርካሽ ቤት ሲሰሙ ወደ ቱሉ ዲምቱ፥ ወደ ኮዬ ፈጬ፥ ወደ የካ አባዶ ይሮጣሉ። መሮጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመሮጥ በፊት እርሳስና ወረቀት ይያዝ። ለምሳሌ ያህል ለሥራውና ለትምህርቱ ቅርብ የሆነው ቤት በወር 30,000 ብር፥ ሩቁ ደግሞ 24,000 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 6,000 ብር ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ሰው 750 ብር ይደርሳል። ሩቁ ቤት በቀን ተጨማሪ 40 ብር የታክሲ ገንዘብ ቢጠይቅና በወር 22 ቀን ብትመላለሱ ለአንድ ሰው 880 ብር ይሆናል። ርካሹ ቤት በሰው 130 ብር ተወደደ ማለት ነው፤ ማለዳ በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ሰዓት ሳይቈጠር ነው ይህ። ቁጥሮቹን ለማሳያ ብቻ ስላመጣኋቸው በቦታቸው የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡ፤ አሠራሩ ግን አይለወጥም። ስምንታችሁም በአንድ አቅጣጫ የማትሄዱ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱን ለብቻው አስሉና ደምሩት። አንዱ ሳሪስ፥ አንዱ ስድስት ኪሎ የሚውል ከሆነ ለሁለቱም ቅርብ የሆነ ቤት የለም፤ ያን ጊዜ ብዙ የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅና በኪራይ ድርሻው ይካስ።

ደላላን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የአገልግሎቱን ዋጋ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ካያችሁ በኋላ ልባችሁ ስለሚያዝ ዋጋውም ይጨምራል። ገንዘቡን ውሉ ሳይፈረም አትስጡ። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም መንገድ አለ፤ የሰፈር ባለሱቅ፥ የእንጀራ ጋጋሪ፥ የግቢ ዘበኛ ስለሚለቀቅ ቤት ከደላላው ቀድመው ይሰማሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምትወዱት ሰፈር ውስጥ ሻይ እየጠጡ መጠየቅ ከወጪ ያድናል።

ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንድ ጊዜ በቀን፥ አንድ ጊዜ ከመሸ በኋላ። በቀን የጣሪያውን ቈርቈሮ፥ በግድግዳው ላይ የወረደውን የዝናብ ምልክት ተመልከቱ፤ በጥር የሚታየው ቡናማ መስመር በሐምሌ ወራጅ ውኃ ይሆናል። ማታ ደግሞ ከታክሲ ተራው እስከ በሩ ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ባለቤቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ።

ቤቱ ተገኘ እንበል። ከዚህ በኋላ ያለው የውል ነገር ነው፤ እኔ የወደቅሁበትም ቦታ ይኸው ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የቀድሞውን ልማድ ብዙ ለውጦታል። ከዚያ በፊት ባለቤቱ የስድስት ወር፥ አንዳንድ ጊዜም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቁ ነበር፤ ለተማሪ ይህ በሩን ከመዝጋት አይለይም። አሁን በአዋጁ መሠረት ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ቀርቦ ተረጋግጦ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን በመደበኛው ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። ኪራዩም በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መክፈያ ይከፈላል። ጭማሪ ቢኖር በዓመት ከአንድ ጊዜ አይበልጥም፤ መጠኑንም የሚወስነው ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። አንዳንድ አከራዮች «በወረቀት ላይ ዝቅተኛ ዋጋ እንጻፍ፥ ቀሪውን በእጅ ስጡኝ» ይላሉ። ለዚህ እሺ ያለ ተከራይ በኋላ ጭማሪ ሲመጣበት የሚያሳየው ማስረጃ አይኖረውም። የከፈላችሁትን ሁሉ በባንክ ክፈሉ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ።

የሁለት ዓመት ውል ተከራዩን ይጠብቃል። ስምንት ወጣቶች ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስምንት ሆነው አይቈዩም። አንዱ ወደ ክፍለ ሀገር ይመደባል፤ አንዱ ያገባል፤ አንዱ ትምህርቱን ይጨርሳል፤ አንዱ ደግሞ ያኮርፋል። ታዲያ የሄደውን ሰው ድርሻ ማን ይክፈል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1896 እንዳስቀመጠው፥ ባንድ ዕዳ ብዙ ሰዎች ሲገቡበት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በአንድነትም በነጠላም ኃላፊዎች ናቸው። በተራ ቋንቋ ሲነገር፥ ስምንታችሁም ተከራይ ሆናችሁ ከፈረማችሁ ባለቤቱ ሙሉውን ውዝፍ ኪራይ ከመረጡት ከአንዳችሁ ሊጠይቁ ይችላሉ ማለት ነው። የከፈለው ሰው ከሰባቱ ድርሻቸውን የመጠየቅ መብት አለው። አንድ ሰው ብቻውን ከፈረመ ግን ለባለቤቱ ተጠያቂው እርሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የገቡት ቃል በወረቀት ካልተያዘ ከእነርሱ ማስመለስ የሚችለው በለመና ነው።

በ1994 ዓ.ም. እኔ ብቻዬን የፈረምኩት ለምን ነበር? የሚነበብ ፊርማ ስላለህ ነው አሉኝ። ደስ አለኝ፤ በሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ደስ ያሰኛል። በአንደኛው ዓመት ማለቂያ ላይ ከሰባታችን ሁለቱ ወደ ክፍለ ሀገር ተመደቡ፤ አንደኛው አገባ፤ ሌላው በትምህርት ምክንያት ወደ ውጭ አገር ሄደ። ሦስት ቀረን። በመጨረሻ ነገሩ እውነት ሆነና በግቢው ውስጥ የምንኖረው ሦስት ብቻ ሆንን፤ የምንከፍለው ግን የሰባት ሰው ኪራይ ነበር። ከሁለቱ አንደኛው ያ አንደበቱ የሚቀናው ባልንጀራዬ ነው። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ አንለያይም ነበር። የሁለት ወር ድርሻው ሲከማችበት አንድ ማታ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ሲል በር ላይ አገኘሁትና ዕዳውስ አልኩት። እርሱም ድምፁን ሳያሰማ፥ «ስሜ ውሉ ላይ የለም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረም።

ዕዳውን ከፈልኩት። ከእማማ ጋር ተነጋግሬ በየወሩ እየቈረጥኩ በስምንት ወር ጨረስኩት፤ እሳቸውም አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቈሩብኝም። ከባልንጀራዬ ጋር ግን ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። በመንገድ ሲያየኝ ይሻገራል፤ ሳየው እሻገራለሁ። የተነጋገርነው አባቱ ሲሞቱ ለቅሶ ደርሼ ነው። ገንዘቡን ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ ስንት እንደ ነበረ ሁለታችንም በትክክል ማስታወስ አቃተን።

እንግዲህ ለእናንተ የምመክረው አሠራር ይህ ነው። ከባለቤቱ ጋር በሚደረገው ውል ላይ ደመወዝ ያላቸው ሦስቱ ተከራይ ሆነው ይፈርሙ፤ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት የስምንቱም ስም ግን በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ከዚያም ሌላ ወረቀት እናንተ ስምንታችሁ በመካከላችሁ ተፈራረሙ፤ ሁለት እማኝ ይኑርበት። በዚያ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ድርሻ፥ የሚከፈልበት ቀን፥ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ከሁለት ወር በፊት እንደሚያስታውቅና የሚተካውን ሰው እንደሚያመጣ፥ የሚተካውንም ሌሎቹ እንደሚቀበሉት ወይም እንደማይቀበሉት ይጻፍ። ባልንጀሮች ነን፥ በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ሰው ከተነሣ ያን ሰው ደኅና አድርጋችሁ ተመልከቱት።

ድርሻው እኩል ይሁን? በእኔ አስተያየት አይሁን። ክፍሎቹ እኩል አይደሉማ። ለብቻው በር ዘግቶ የሚተኛና በሳሎን ፍራሽ አንጥፎ የሚያድር እኩል ከከፈሉ በሦስተኛው ወር ጠብ ይነሣል። ክፍሎቹን እንደ ዕቁብ አጫርቷቸው። 30,000 ብር ለስምንት እኩል ቢካፈል 3,750 ብር ነው። ትንሿን የብቻ ክፍል የሚፈልግ 5,100 ብር ቢሰጥባት፥ ሁለት ሰው የሚተኛበት ክፍል በሰው 4,100 ቢሆን፥ ሦስት ሰው የሚይዘው ትልቁ ክፍል በሰው 3,700 ቢሆን፥ በሳሎን የሚያድሩት ሁለቱ 2,800 ብር ብቻ ከፍለው ሂሳቡ ይሞላል። ከእናንተ መካከል ችግረኛ የሆነው ተማሪ ማንንም ሳይለምን፥ ማንም ሳይመጸውተው፥ አቅሙ የሚፈቅደውን ቦታ ያገኛል። ጨረታው በየስድስት ወሩ ይደገም፤ የሰው ኪስ ይለወጣልና።

ዕቁብን ካነሣሁ ዳኛና ጸሐፊም ምረጡ። ጸሐፊው ገንዘቡን ሰብስቦ በባንክ ይከፍላል፤ ዳኛው የሳህን አጠባና የውኃ ተራ ክርክር ይሰማል። ሁለቱ አንድ ሰው አይሁኑ። ከኪራዩ በላይ ደግሞ በየወሩ 375 ብር ከእያንዳንዱ እየወሰዳችሁ አስቀምጡ፤ በአሥር ወር የአንድ ወር ሙሉ ኪራይ ይሞላል። አንዱ ሳይታሰብ ቢሄድ ወይም ደመወዝ ቢዘገይ ባለቤቱ በር ሳያንኳኩ ቀኑ ያልፋል። እኛ ይህ ቢኖረን ኖሮ ያ ባልንጀራዬ ሻንጣውን በማታ አይዝም ነበር ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ስለ ምግቡ የጠየቃችሁኝን ለሚቀጥለው ጊዜ አቈየዋለሁ፤ ስምንት ሰው ከአንድ የሽሮ ድስት እንዴት እንደሚበላ የራሱ ዓምድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ለአሁኑ ግን አሥራ ስምንተኛውን ቤት ለማየት ስትሄዱ ከሁለቱ አንዱ የእጅ ጽሕፈቱ የሚነበበው ልጅ ይሁን፤ የስምንቱን ስም ዝርዝር የሚጽፈው እርሱ ነውና። ውሉን ግን ብቻውን አታስፈርሙት።